ቢሊ ዳይመንድ፦ ከአዳሪ ትምህርት ቤት እስከ ክሪ ትምህርት ቦርድ

ሩፐርት የተባለው ወንዝ በካናዳ የኩቤክን ሰሜናዊ ምዕራብ አቋርጦ ጄምስ ቤይ ወደተባለው ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት ቦታ ዋስካጋኒሽ የምትባል፣ ክሪ የተባለው ነባር ሕዝብ የሚኖርባት መንደር አለች። ቢሊ ዳይመንድ በዚህች መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 17 ቀን 1949 ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። በዚያን ጊዜ መንደሯ ሩፐርት ሃውስ ትባል ነበር። አባታቸው ማልኮም ዳይመንድ አዳኝና የመንደሩ አለቃ ነበሩ፤ ልጅየው ደግሞ ገና በወጣትነታቸው የአባታቸውን ወንበር ይዘው ከዚያም አልፈው የኩቤክ ክሪዎች ሁሉ የመጀመሪያው ታላቅ አለቃ ለመሆን በቁ።

የተወለዱባት መንደር በካናዳ ታሪክ ውስጥ ከስፋቷ የማይመጣጠን ቦታ አላት። በ1668 ናንሳች የተባለች የእንግሊዝ መርከብ እዚያ ደርሳ ከረመች፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቢቨር የተባለውን የወንዝ እንስሳ ቆዳ ጭና ተመለሰች። ትርፉን ያዩት የለንደን ባለሀብቶች በ1670 ከንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቻርተር ተቀበሉና የሐድሰን ቤይ ኩባንያን አቋቋሙ። ቻርተሩ ወደ ሐድሰን ቤይ የሚፈሱ ወንዞች የሚያጠጡትን ምድር በሙሉ ለኩባንያው ሰጠ፤ የምድሩ ባለቤቶች ግን ነገሩን አልሰሙም፣ የጠየቃቸውም አልነበረም። ክሪዎች ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በክረምት በየቤተሰባቸው የአደን መሬት ተበትነው ሲያድኑና ወጥመድ ሲያጠምዱ ይቆዩና በበጋ ወደ ንግድ ጣቢያው ወርደው ቆዳውን በጠመንጃ፣ በዱቄትና በሻይ ይለውጡ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቢቨር ከአካባቢው ሊጠፋ ተቃርቦ ረኃብ ገባ። ያኔ የኩባንያው ሠራተኛ ጄምስ ዋትና ባለቤቱ ሞድ ዋት የኩቤክን መንግሥት ጠይቀው በሩፐርት ሃውስ ዙሪያ የቢቨር ጥብቅ ክልል አስከለሉ። በእያንዳንዱ የአደን መሬት ላይ ኃላፊ የሆነው ክሪ የቢቨር ጎጆዎችን እየቆጠረ ይመዘግብ ጀመር። ይህ ቆጠራ ከአርባ ዓመት በኋላ ምድሪቱ ባዶ እንዳልነበረች ለማስረዳት ጠቀመ።

ዳይመንድ ገና በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ተለይተው በአጎራባቹ የኦንታሪዮ ግዛት በኩል ባለችው በሙስ ፋክቶሪ ደሴት ወደሚገኘው የአንግሊካን አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በዚያው ይኖሩ በነበሩት በጳጳስ ጆን ሆርደን ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ አንድ የማይጣጣም ነገር ይዟል። ጳጳሱ ራሳቸው ክሪኛ ተምረው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቋንቋው እየተረጎሙ፣ በክሪ ፊደል ያሳትሙ ነበር፤ በስማቸው በተጠራው ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ ቋንቋቸውን እንዲተዉ ይገደዱ ነበር። በመላ ካናዳ 150 ሺህ ያህል የነባር ሕዝቦች ልጆች በእንዲህ ዓይነት አዳሪ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት አብያተ ክርስቲያናት፣ ገንዘቡን የሚከፍለው የፌዴራል መንግሥት ነበር፤ ዓላማቸውም ልጁን ከወላጆቹ አኗኗር ነጥሎ ሌላ ሰው አድርጎ ማውጣት ነበር። በኩቤክ ክሪዎች በኩል በፎርት ጆርጅ ደሴት ከ1930ዎቹ ጀምሮ አንድ የአንግሊካንና አንድ የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ በ1963 ደግሞ በደቡብ ላ ቱክ ከተማ ሌላ ተከፈተ።

የዳይመንድ ትውልድ ከዚህ ሥርዓት ቁስል ይዞ ወጣ፤ እንግሊዝኛም ይዞ ወጣ። ዳይመንድ ከሙስ ፋክቶሪ ቀጥለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኦንታሪዮዋ በሶልት ሴንት ሜሪ ከተማ ተከታተሉ፤ ከዚያም ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በ1970 በ21 ዓመታቸው የሩፐርት ሃውስ አለቃ ሆነው ተመረጡ። መንደሩ ውኃና መብራት በወጉ ያልገባበት፣ ከደቡብ የሚያገናኝ መንገድ የሌለው፣ ማናቸውም ውሳኔ በሩቅ ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወሰንበት ነበር። አዲሱ አለቃ የመንግሥት ደብዳቤ ማንበብ፣ ማህደር መያዝና መልስ መጻፍ ያውቁ ነበር። በጊዜው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1971 የጸደይ ወር የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበር ቡራሳ ወደ ጄምስ ቤይ የሚፈሱትን ታላላቅ ወንዞች ገድቦ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ግዙፍ ፕሮጀክት በፓርቲያቸው ስብሰባ ላይ አስታወቁ። ወጪው ስድስት ቢሊዮን የካናዳ ዶላር እንደሚሆንና ሥራው ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችን እንደሚቀጥር ተነገረ። በአካባቢው የሚኖሩትን ስድስት ሺህ ያህል ክሪዎችም ሆኑ በሰሜን ያሉትን ኢኑዊቶች ማንም አላማከረም። ሚስታሲኒ የተባለችው የክሪ መንደር ወጣት ፊሊፕ አዋሺሽ ወሬውን ያየው ጋዜጣ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በበጋ የየመንደሩ ተወካዮች ሚስታሲኒ ላይ ተሰበሰቡ። የክሪ መንደሮች እስከዚያ ድረስ በዝምድናና በጋብቻ ይተዋወቁ እንጂ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው በአንድ ጉዳይ መክረው አያውቁም ነበር። ፕሮጀክቱን ለመቃወም ተስማሙ፤ ከወጣቶቹ መሪዎች መካከልም ዳይመንድ ጎልተው ወጡ።

ተቃውሞው የቆመበት የሕግ መሠረት ብዙም የማይታወቅ ነበር። ካናዳ በ1870 የሐድሰን ቤይ ኩባንያን ምድር ከተረከበች በኋላ ሰሜናዊውን ክፍል በ1898 እና በ1912 ወደ ኩቤክ ቀላቀለችው። የ1912ቱ ሕግ ኩቤክ የነዋሪዎቹን የመሬት መብት እንድታውቅና ስምምነት እንድትፈጽም ያስገድዳል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን የሞከረ የኩቤክ መንግሥት አልነበረም። ጠበቃው ጀምስ ኦራይሊ ክሱን በዚህ ላይ ተከለና ሥራው ይታገድ ዘንድ በ1972 መጨረሻ ለሞንትሪያል ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ።

ችሎቱ ከዲሴምበር 1972 እስከ ጁን 1973 ተሰማ። 167 ምስክሮች ቀረቡ፤ የሥነ ሕይወት፣ የውኃና የሰው ልጅ ባህል ሊቃውንት ከመካከላቸው ነበሩ፤ የችሎቱን መንፈስ የለወጡት ግን አዳኞቹ ናቸው። ከጫካ ወጥተው በአውሮፕላን ሞንትሪያል የገቡ፣ እንግሊዝኛም ሆነ ፈረንሳይኛ የማይናገሩ ሽማግሌዎች በአስተርጓሚ አማካይነት የትኛው ሐይቅ ዳር የትኛው እንስሳ እንደሚወልድ፣ ዓሣ በየትኛው ፏፏቴ ሥር እንደሚያርፍ፣ ዝይ በየትኛው ረግረግ እንደምትወርድ ተናገሩ። አንድ አዛውንት እውነቱን ሁሉ ሊናገሩ እንዲምሉ ሲጠየቁ፣ ያን ማለት እንደማይችሉ፣ የሚያውቁትን ብቻ ግን እንደሚናገሩ መለሱ ይባላል። የመንግሥት ጠበቆች በበኩላቸው ክሪዎች በሱቅ ምግብ የሚኖሩ፣ የበረዶ ሞተር የሚነዱና እንደማንኛውም የኩቤክ ነዋሪ የሆኑ ሰዎች ናቸው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የዞረው አዳኝ የሚባለው በየትኛው መሣሪያ የሚያድን ሰው ነው በሚለው ነጥብ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። በዚሁ መካከል በጃንዋሪ 1973 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካልደር በተባለ ሌላ ክስ የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት በሕግ ዘንድ ሊኖር እንደሚችል አወቀ። ለክሪዎች ይህ በትክክለኛው ሰዓት የመጣ ድጋፍ ሆነ።

ዳኛው አልበርት ማሉፍ ኖቬምበር 15 ቀን 1973 የክሪዎችንና የኢኑዊቶችን መብት አውቀው ሥራው እንዲቆም አዘዙ። ደስታው አንድ ሳምንት ብቻ ቆየ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የጥቂት ሺህ ሰዎች ጥቅም ከሚሊዮኖች ጥቅም ጋር ሲመዘን ያነሰ ነው በሚል እግዱን አነሣው፤ ቡልዶዘሮቹም ተመለሱ። ያም ሆኖ ፍርዱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። መንግሥት ክሪዎችን እንደሌሉ ቆጥሮ ማለፍ እንደማያዋጣው ተረዳና ድርድር ጠየቀ።

ዳይመንድ ያኔ 24 ዓመታቸው ነበር። ክሪዎች እስከዚያ የኩቤክን ነባር ሕዝቦች ሁሉ በሚወክል አንድ ማኅበር ሥር ይደራደሩ ነበር፤ ከማኅበሩ ጋር ሳይስማሙ ሲቀሩ በኦገስት 1974 የራሳቸውን የኩቤክ ክሪዎች ታላቅ ምክር ቤት አቋቁመው ዳይመንድን ታላቅ አለቃ አደረጓቸው። ለመንግሥት የተደራደሩት ጆን ቻቻ የተባሉ የኩቤክ ፖለቲከኛ ነበሩ። የመርሕ ስምምነቱ በኖቬምበር 1974 ተፈረመ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የማሉፍን ፍርድ ጨርሶ የሻረው ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው። በጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ክሪዎች ሰዓቱ በየቀኑ ከእጃቸው እየወጣ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ግንባታው ለአንድ ቀን እንኳ እስኪደራደሩ አልጠበቀም።

የጄምስ ቤይና የሰሜን ኩቤክ ስምምነት ኖቬምበር 11 ቀን 1975 ተፈረመ። በካናዳ የመጀመሪያው ዘመናዊ ውል የሚባለው ይህ ነው። ለክሪዎችና ለኢኑዊቶች በድምሩ 225 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተመደበ። መሬቱ በሦስት ተከፈለ፦ ለየመንደሩ የተከለለና ነዋሪዎቹ ብቻ የሚያዙበት፤ የማደን መብት የእነሱ ብቻ ሆኖ ባለቤትነቱ የኩቤክ የሆነ፤ ሦስተኛውና እጅግ ሰፊው ደግሞ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የተወሰነ የአደን መብት የተጠበቀበት። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በየቤቱ የተሰማው ግን የአዳኞች የገቢ ዋስትና ነው። በዓመት ቢያንስ 120 ቀን በጫካ በአደንና ተያያዥ ሥራዎች ላይ የሚቆይ ቤተሰብ በየጊዜው ክፍያ ያገኛል። የቆዳ ዋጋ ቢወድቅም አደኑ እንዲቀጥል ያደረገው ይህ ክፍያ ነው፤ ከስምምነቱ ምዕራፎች ሁሉ በብልሃት የተሠራው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በስምምነቱ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የሚያከራክር አንድ አንቀጽ አለ። ክሪዎች በምድሩ ላይ ያላቸውን ነባር መብት ሁሉ አሳልፈው ሰጥተው በምትኩ በውሉ የተዘረዘሩትን መብቶች ይቀበላሉ ይላል። በሌሎች የካናዳ ክፍሎች ያሉ የነባር ሕዝብ መሪዎች ዳይመንድን በዚህ ክፉኛ ወቅሰዋቸዋል። ወቀሳው መሠረት አለው፤ እንዲያም ሆኖ ወቃሾቹ እንደ ዳይመንድ በየወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ግድብ ከፊታቸው አልቆመም ነበር። የላ ግራንድ ወንዝ ትልቁ ግድብና ከመሬት በታች የተቆፈረው የኃይል ማመንጫው በ1979 ተመረቁ። የፎርት ጆርጅ ነዋሪዎች የወንዙ ፍሰት ተለውጦ ደሴቱን ይበላል ተብሎ ስለተሠጋ ወደ አዲሷ ቺሳሲቢ መንደር ተዛወሩ። በውኃ የተዋጠው ዕፅዋት ሲበሰብስ ሜርኩሪ ወደ ዓሣው ገባ፤ ዓሣ ዋና ምግባቸው የሆነ ሰዎችም ከወንዛቸው የሚበሉትን መጠን እንዲቀንሱ ተነገራቸው።

ውል መፈረም አንድ ነገር ነው፣ ማስፈጸም ሌላ ነገር። በ1980 በክሪ መንደሮች የተቅማጥ ወረርሽኝ ገብቶ ሕፃናት ሞቱ፤ በጽኑ ከታመሙት መካከል የዳይመንድ የራሳቸው ልጅ ነበር። ለመንደሮቹ በውሉ የተገባላቸው ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ በወቅቱ አልተሠራም ነበር። ዳይመንድ ጉዳዩን ይዘው ወደ ኦታዋ ሄዱ፤ ክሪዎች በ1981 በፓርላማው ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተናገሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የመንግሥት ግምገማም ፌዴራሉ መንግሥት የውሉን መንፈስ እንዳልጠበቀ አመነ። ገንዘቡም ከዚያ በኋላ መለቀቅ ጀመረ።

የዳይመንድ ስም ከትምህርት ጋር የሚነሣው በስምምነቱ 16ኛ ምዕራፍ ምክንያት ነው። ምዕራፉ ለክሪዎች የራሳቸው የትምህርት ቦርድ እንዲኖራቸው ይደነግጋል፤ ከወጪው ሦስት አራተኛውን የፌዴራል መንግሥት፣ አንድ አራተኛውን ኩቤክ ይከፍላሉ። ቦርዱ እንደማንኛውም የኩቤክ የትምህርት ቦርድ ሥልጣን አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ክሪኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ማድረግ፣ የራሱን መጻሕፍት ማዘጋጀት፣ ክሪ መምህራንን መቅጠርና የትምህርት ዘመኑን በራሱ መወሰን ይችላል። ቦርዱ በ1978 ሥራ ጀመረ፤ ዳይመንድም ሊቀ መንበር ሆነው አገልግለዋል። ዳይመንድ ያለፉበት የሙስ ፋክቶሪ አዳሪ ትምህርት ቤት በሩን የዘጋው በ1976፣ የላ ቱኩ በ1978 ነው። ከዚህ በኋላ የክሪ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን ለመማር ከወላጆቹ መለየት አላስፈለገውም።

ቦርዱ የተረከበው ጥቂት ክፍሎች ያሏቸውን የመንደር ትምህርት ቤቶችና ከደቡብ መጥተው ብዙም ሳይቆዩ የሚመለሱ መምህራንን ነበር። በክሪኛ የተጻፈ የመማሪያ መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል። ፊደሉ ግን ነበር። ጄምስ ኢቫንስ የተባለ ሚስዮናዊ በ1840 በማዕከላዊ ካናዳ ያሳተመው ይህ ፊደል እያንዳንዱ ተነባቢ አንድ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ አናባቢው የሚለየው ቅርጹ ወደ አራት አቅጣጫ በመዞር ነው። ለመማር ቀላል ስለሆነ ከክሪ ወደ ክሪ በጫካ ድንኳን ውስጥ ጭምር ተዛመተ፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሽማግሌዎች የጸሎት መጽሐፍና ደብዳቤ ያነቡበት ነበር። የቦርዱ ሠራተኞች በዚህ ፊደል የንባብ መጻሕፍት አዘጋጁ፤ የባሕር ዳርና የመሀል አገር ዘዬዎች ስለሚለያዩም በሁለቱም መሥራት ነበረባቸው። በ1987 የምሥራቅ ጄምስ ቤይ ክሪኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። ክሪ መምህራን ከመንደራቸው ሳይርቁ እንዲሠለጥኑ ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሥልጠና ፕሮግራም ተዘረጋ።

የትምህርት ዘመኑም ተለወጠ። በጸደይ የዱር ዝይ ከደቡብ ስትመለስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ቤተሰቦች ወደ አደን ሰፈር ይወጣሉ፤ ልጆች ከአያቶቻቸው ጋር መደበቂያ ሠርተው ዝይ መጥራትን ይማራሉ። በመከር ወራት ደግሞ ሙስ ለተባለው ግዙፍ አጋዘን አደን ሌላ ዕረፍት አለ። ለውጡ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ከመከር እስከ በጋ ይዞ በማቆየቱ የአደን ትምህርት የሚሰጥበትን ጊዜ በሙሉ ይወስድባቸው ስለነበር ግን፣ ቦርዱ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ምናልባት ጥልቁ ይህ ነው።

ሁሉም ተሳካ ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ክሪኛ ሙሉ የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ወደ ኋላ እንዳይቀሩ ሠጉ። ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቁት ተማሪዎች ቁጥርም ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ ቆየ። ክርክሩ በየመንደሩ ቀጠለ፤ የሚከራከሩት ግን ወላጆችና የመረጧቸው የቦርድ አባላት ናቸው። በ2019 የክሪ መንግሥት በራሱ ሥልጣን ካወጣቸው ሕጎች የመጀመሪያው የክሪ ቋንቋ ሕግ ሆነ።

ዳይመንድ የካሳው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ እንዲያልቅ አልፈለጉም። በ1982 ኦስቲን ኤርዌይስ ከተባለ አየር መንገድ ጋር ኤር ክሪቤክ ተቋቋመ፤ መንገድ ለሌላቸው የባሕር ዳር መንደሮች አውሮፕላን የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነበር። በ1988 ክሪዎች ሙሉውን ድርሻ ገዙ። በዋስካጋኒሽ ደግሞ ከጃፓኑ ያማሃ ጋር በሽርክና ጀልባ የሚሠራ ድርጅት ተከፈተ፤ የአየር መንገዱን ያህል ዕድሜ ግን አላገኘም።

በሕገ መንግሥቱ በኩልም ዳይመንድ አልተኙም። ካናዳ በ1982 ሕገ መንግሥቷን ስታሻሽል የነባር ሕዝቦች የውል መብት በ35ኛው አንቀጽ ተካተተ። የጥንት ውሎች ብቻ ናቸው የሚጠበቁት ወይስ እንደ ጄምስ ቤይ ያሉ አዲሶቹም ጭምር የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። በ1983 የተጨመረው ንዑስ አንቀጽ አዲሶቹም የውል መብት እንደሆኑ ደነገገ። በዚህም የ1975ቱ ስምምነት ተራ ሕግ ሊሽረው የማይችል ሆነ። በ1984 ፓርላማው ክሪዎችንና ናስካፒ የተባሉትን ጎረቤቶቻቸውን የሚመለከተውን የክሪ ናስካፒ ሕግ አወጣ፤ የክሪ መንደሮች ከአሮጌው የኢንዲያን ሕግ ወጥተው ራሳቸውን በአካባቢ መንግሥት ማስተዳደር ጀመሩ። በካናዳ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው ዓመት ዳይመንድ ከታላቅ አለቃነት ወረዱ። ቴድ ሞዝስ፣ ከ1987 ጀምሮም ማቲው ኩን ካም ተተኩ። ኩን ካም ግሬት ዌል የተባለውን ቀጣይ የግድብ ፕሮጀክት በተለየ መንገድ ተዋጉት። በ1990 ክሪዎችና ኢኑዊቶች በአንድ ጀልባ እስከ ኒው ዮርክ ቀዝፈው ኤሌክትሪኩን ሊገዛ የተዋዋለውን ሕዝብ ራሱን አነጋገሩ፤ ፕሮጀክቱም በ1994 ቀረ። በ1971 ዘመቻውን የጀመሩት ሰዎች የጋራ ጉባኤ እንኳ አልነበራቸውም፤ የኋለኞቹ ግን የራሳቸው ምክር ቤት፣ ገንዘብና በ1987 በተባበሩት መንግሥታት ያገኙት የአማካሪነት ደረጃ ነበራቸው።

ሩፐርት ወንዝ ራሱ በ1971ዱ እቅድ ውስጥ ነበር፤ ኩቤክ ላ ግራንድን ስላስቀደመች ለሠላሳ ዓመት ሳይነካ ቆየ። በፌብሩዋሪ 2002 በድጋሚ ታላቅ አለቃ የሆኑት ቴድ ሞዝስና የኩቤኩ ጠቅላይ ሚኒስትር በርናር ላንድሪ አዲስ ስምምነት ፈረሙ። ክሪዎች በሃምሳ ዓመት ውስጥ 3.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲያገኙ፣ በምትኩ ከሩፐርት ውኃ ከፊሉ ወደ ሰሜን ወደ ላ ግራንድ እንዲቀየስ ተስማሙ። ዋስካጋኒሽ፣ ነማስካና ቺሳሲቢ ቅየሳውን ተቃወሙ፤ ሌሎቹ መንደሮች ደገፉ። ክሪዎች ከክሪዎች ጋር በወንዝ ጉዳይ እንዲህ በይፋ መለያየታቸው ያልተለመደ ነበር። ቅየሳው በ2009 መጨረሻ ተጀመረ፤ የወንዙ ከፍታ በመንደሮቹ በኩል እንዳይወርድ በወንዙ ላይ ዝቅተኛ የድንጋይ ግድቦች ተሠሩ።

ቢሊ ዳይመንድ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 በ61 ዓመታቸው በዋስካጋኒሽ አረፉ። የመሠረቱት ታላቅ ምክር ቤትና የመሩት የትምህርት ቦርድ ዛሬም ይሠራሉ፤ የቦርዱ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በ1971 ተወካዮቹ በተሰበሰቡባት፣ ዛሬ ሚስቲሲኒ በምትባለው መንደር ነው።